መውረድም ሥራ ነው

ስምንት ዓመት ሙሉ ፍሪጅና ቁምሳጥን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ስወርድ አንድም ቀን አልወደቅኩም። የወደቅኩት ለአንድ እስክሪብቶ ነው።

የቀኑ የመጨረሻ ርክክብ ነበር። እቃው ወርዷል። ተቀባዩ ሰነዱን ይዞ ይጠብቀኛል። እስክሪብቶዬ ግን ካሶኒው ላይ፣ ማለትም የጭነት መኪናው መጫኛ ላይ ቀርቷል። ጎማውን ረግጬ ወጣሁ፣ እስክሪብቶውን አነሳሁ፣ ዘለልኩ። በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ የምዘለው ዝላይ ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም። ያን ቀን ግን ግራ እግሬ ያረፈው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነበር። ግማሽ ተረከዜ ድንጋዩ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ። መሬት ላይ ተዘርሬ እንኳን እስክሪብቶውን አለቀቅኩትም።

የተረከዝ አጥንቴ ተሰብሮ አምስት ወር ቤት ዋልኩ። ዛሬም ጠዋት ከአልጋ ስነሳ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ግድግዳ ይዤ ነው የምራመደው። ወደ ሥራ ስመለስ ከባድ እቃ ማንሳት ስላልቻልኩ አዲስ ገቢዎችን እንዳሠለጥን መደቡኝ። ከዚህ በታች ያለው ለእነሱ የምነግራቸው ነው። እቃ የምታደርሱ፣ የምትጭኑ፣ የምታወርዱ፣ ወይም ሰው ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነ ይጠቅማችኋል።

ሥልጠናውን ስረከብ መጀመሪያ ያደረግኩት ወድቀው የሚያውቁ ባልደረቦቼን እየዞርኩ መጠየቅ ነበር። ከየት ወደቃችሁ? ምን ስትሠሩ? ከጣሪያ የወደቀ አንድም ሰው አላገኘሁም። ከካሶኒ፣ ከጋቢና መወጣጫ፣ እቃ ከሚያወጣና ከሚያወርደው የመኪና የኋላ ሊፍት፣ ከሰው ቤት ደረጃ ነው። ሁሉም የወደቁት ሲወርዱ ወይም ወደ ኋላ ሲራመዱ ነው። ብዙዎቹ እጃቸው ላይ እቃ እንኳን አልነበረም። ሥራው አልቋል ብለው ነበር። እኔም እንደዛው። መውጣቱን፣ መሸከሙን፣ ማስረከቡን ሥራ እንለዋለን። መውረዱን ግን ከሥራ አንቆጥረውም።

አጭር ከፍታ ያታልላል

የትልልቅ ጭነት መኪኖች ወለል አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት 1.2 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከወገብ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ስለዚህ አንፈራውም። ጣሪያ ላይ ውጡ ብትባሉ የደህንነት ቀበቶ ትጠይቃላችሁ። ካሶኒ ላይ ውጡ ስትባሉ ግን ማንም ምንም አይጠይቅም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ1.2 ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ነው የሚፈጅበት። መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። ብስክሌት ደህና አድርጎ የሚነዳ ሰው ፍጥነት ነው። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ እጅ ዘርግቶ የሆነ ነገር መያዝ የሚባል ነገር የለም። "ይዤ እተርፋለሁ" ብላችሁ አታስቡ።

እግር ላይ የሚያርፈው ጫና ደግሞ የሚወሰነው ሰውነታችሁ በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደሚቆም ነው። ጉልበቱን አጥፎ 40 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ የሚያርፍ ሰው ከክብደቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሸከማል። ጉልበቱ ቀጥ እንዳለ በተረከዙ ያረፈ ሰው ግን የሚቆመው በጥቂት ሳንቲሜትር ነው። 4 ሳንቲሜትር ብንል ጫናው ወደ 30 እጥፍ ይሄዳል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ2 ቶን በላይ ማለት ነው። ለቅጽበት ነው፤ ግን ተረከዝ ለመፍለጥ ቅጽበት ይበቃል።

"ታዲያ ጉልበቴን አጥፌ እዘላለሁዋ!" የሚል ልጅ በየሥልጠናው አይጠፋም። ማጠፉ ይረዳል፣ አልክድም። እኔም እያጠፍኩ ነበር የምዘለው። የማናዝበት ግን መሬቱ ነው። ጠጠር፣ ጉድጓድ፣ የውሃ መውረጃ ክዳን፣ የፈሰሰ ዘይት፣ የመንገድ ጠርዝ። አየር ላይ ከሆናችሁ በኋላ ሐሳብ መቀየር አይቻልም።

ጀርባውን ሰጥቶ የወደቀ ሰው ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። ካሶኒ ላይ የቆመ ሰው ጭንቅላቱ ከመሬት 3 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ጠርዙን ስቶ የወደቀ ሰው እግሩን ሳይሆን ጭንቅላቱንና ጀርባውን ነው የሚመታው። ወገብ አካባቢ ያለች የምትመስለው ከፍታ በድንገት የአንድ ፎቅ ያህል ትሆናለች።

ይሄን የተረዱ አገሮች አሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው በከፍታ ላይ የመሥራት ደንብ "ከዚህ ሜትር በላይ" የሚል መነሻ የለውም። ወድቆ መጎዳት የሚያስከትል ከሆነ ዝቅ ያለውም ከፍታ ነው። ጃፓን ደግሞ ድሮ 5 ቶንና ከዚያ በላይ በሚጭኑ መኪኖች ላይ ብቻ የነበረውን የመውጫ መውረጃ መሣሪያ ግዴታ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 2 ቶን ወደሚጭኑት አወረደችው። ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ እዚያ የኋላ ሊፍት የሚያንቀሳቅስ ሰው ለዚሁ የተለየ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ትንሿ መኪና ላይ ያለው ሠራተኛም ይወድቃል ማለታቸው ነው።

እንዴት እንውረድ

መሠረቱ አንድ ነገር ነው። ፊታችሁ ወደ መኪናው፣ ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ ተይዞ። ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ። አራተኛው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እሱ ቦታውን ይዞ እስኪረጋጋ ሌላው አይነሳም።

ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ከዚያ ስልኩን በአንድ እጁ፣ ሰነዱን በሌላው ይዞ ጀርባውን ለጋቢናው ሰጥቶ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ ሕጉን ከመድገም ይልቅ ለምን እንደሚጣስ ነው የማሳያቸው።

አንደኛ፣ እጅ ባዶ መሆን አለበት። እጅ ላይ ነገር ካለ ሦስት ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ስልክ ኪስ ይግባ። ሰነድ ወንበሩ ወይም ካሶኒው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ከመሬት ሆናችሁ ውሰዱት። ትንሽ ካርቶን ከሆነም እንደዛው፤ ጠርዝ ላይ አስቀምጣችሁ ውረዱና ከታች ሆናችሁ አንሱት።

ሁለተኛ፣ ፊትን ወደ ውጭ አድርጎ የሚወርድ ሰው መወጣጫውን የሚረግጠው በተረከዙ ጫፍ ነው። የቀረው የጫማው ክፍል አየር ላይ ነው። ካዳለጠው በመቀመጫው ይወርዳል፣ ወገቡ የመወጣጫውን ብረት ይመታል። ፊቱን ወደ መኪናው ሲያዞር ግን የእግሩ ፊተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ መወጣጫው ላይ ያርፋል፣ እጆቹም ከፊቱ ናቸው።

ሦስተኛ፣ የሚያዘውን ነገር ምረጡ። የጋቢና በር አይያዝም፣ ይከፈታል ይዘጋል። መሪም አይያዝም፣ ይዞራል። ገመድና የሸራ ጫፍ አይያዝም፣ ይለቅቃል። የሚያዘው ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ቋሚ ብረት ነው። መኪናችሁ ላይ ከሌለ ጠይቁ። ብየዳ የሚችል ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ነገር ነው፤ ይሄ እንዲሠራ አንድ ሰው መውደቅ የለበትም።

አራተኛ፣ የመጨረሻው መወጣጫ። ብዙ ሰው እስከዚያ ድረስ ሥርዓቱን ጠብቆ ይመጣና የቀረችውን ይዘላታል። ወደ ታች እዩ። እግራችሁ የሚያርፍበትን ቦታ ዐይናችሁ ቀድሞ ይርገጠው። ሹፌሩም ድርሻ አለው። መኪናውን ሲያቆም መውረጃው ቦይ ላይ፣ ጉድጓድ ላይ ወይም የመንገድ ጠርዝ ላይ እንዳያርፍ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ቢሄድ ምንም አይቀንስበትም።

ስለ ቀለበት አንድ ነገር ልበል። ካሶኒ ላይ መንጠቆና የስፖንዳ (የካሶኒው ተከፋች ግድግዳ) ማጠፊያ ብዙ ነው። ቀለበታችሁ እዚያ ተይዞ እናንተ ከዘለላችሁ ሙሉ ክብደታችሁ አንድ ጣት ላይ ይንጠለጠላል። ቆዳውን ከነሥጋው ገፎ የሚያወርድ ጉዳት ነው፣ አንዳንዴም ጣቱ ራሱ ይሄዳል። ሥራ ላይ ቀለበት አውልቁ። በጣም የሚወደድ ቀለበት ከሆነ በተለይ አውልቁ።

አንድ ጊዜ ይሄን ሁሉ ስዘበዝብ አንድ አዲስ ልጅ አቋረጠኝ። "ጋሼ፣ እንዲህ እየወረድን አርባ ቤት እንዴት እናደርሳለን?"

ጥያቄው ጥሩ ነው። "እንለካው" አልኩት። ስልኬን አወጣሁ። መጀመሪያ ዝለል አልኩት፣ ዘለለ፤ አንድ ሰከንድ። ከዚያ በሥርዓቱ ውረድ አልኩት፤ ስድስት ሰከንድ። ልዩነቱ አምስት ነው። በአርባ ስናበዛው ሁለት መቶ ሰከንድ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፣ በሙሉ ቀን። ልጁ ለራሱ ደግሞ አሰላው፤ ያው መጣ። አንድ ትራፊክ መብራት ላይ ከዚያ በላይ እንቆማለን። እኔ እንግዲህ ያን ሦስት ደቂቃ ለስምንት ዓመት ቆጥቤ አምስት ወር ከፈልኩበት።

ካሶኒ ላይ ስትሠሩ

ጠርዙ የት እንዳለ ሁልጊዜ እወቁ። ቀላል ይመስላል፤ ካርቶን ደርድራችሁ ወደ ኋላ ፈቀቅ እያላችሁ ስትሠሩ ግን ይረሳል። የእኔ ምክር ወደ ኋላ አትራመዱ ነው። መጎተት ግድ ከሆነ ሁለት ሦስት እርምጃ ጎትቱ፣ ቁሙ፣ ዙሩና እዩ፣ ቀጥሉ። አንዱ ጎን ስፖንዳ መከፈት ካላስፈለገ ተዘግቶ ይቆይ። የተከፈተ ስፖንዳ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ጠርዝ ነው።

ገመድ ማጥበቅ ብዙ ሰው ያወረደ ነገር ነው። ጭነቱ ላይ ወይም ካሶኒው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ሙሉ ሰውነቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጎትታል። ገመዱ ያረጀ ከሆነ ይበጠሳል፣ ወይ ቋጠሮው ይፈታል፣ ወይ መንጠቆው ያመልጣል። ሰውየውን ይዞት የነበረው ገመዱ ብቻ ነበር። በተቻለ መጠን ገመድና ሸራ ከመሬት ሆናችሁ ሳቡ። አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፣ አጭር አጭር እየሳባችሁ። ድንገት ቢለቅቅ የኋላ እግራችሁ ይቀበላችኋል። ከመሳባችሁ በፊት ደግሞ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ እያሳለፋችሁ እዩት። የተላጠ ካለ ይጣል፤ ቋጥሮ ማቆየት የለም።

ወለሉ ላይ ያለው ቆሻሻ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ፓሌት (እቃ የሚደረደርበት የሳንቃ ርብራብ) የተጠቀለለበት ላስቲክ ብረት ላይ ሲረገጥ እንደ ሳሙና ነው። ከካርቶን ላይ የምንቆርጣት የፕላስቲክ ማሰሪያ ደግሞ የባሰች ናት። ቀለበት ሆና ወለሉ ላይ ትቀራለች። አንድ እግራችሁ ጫፏን ይረግጣል፣ ቀለበቷ ቀና ትላለች፣ ሌላኛው እግራችሁ ውስጧ ይገባል። ራሳችሁን በራሳችሁ አሰራችሁ ማለት ነው። ስትቆርጡ ወዲያው ኪስ ወይም ጆንያ ውስጥ ክተቱ። "በኋላ እጠርገዋለሁ" የምትለዋ በኋላ ከመውደቅ በፊት መጥታ አታውቅም።

ፀሐይ ላይ ቆይታችሁ ጨለማ ኮንቴይነር ስትገቡ ዐይን ቶሎ አይለምድም፤ ደቂቃዎች ይፈልጋል። መብራት ያዙ። ጠል ያረፈበት ወይም ዝናብ የመታው ብረት ያዳልጣል፣ ጭቃ ካለበት ደግሞ አይጣል ነው። ባዶ ፓሌት ላይ አትራመዱ፣ እግር በሳንቃዎቹ መሃል ይገባል። በፎርክሊፍት ሹካ ላይ በተነሳ ፓሌት ላይ መቆም ደግሞ ጨርሶ የለም። "ለአንድ ደቂቃ ነው" ቢሏችሁም የለም።

አንድ ሰው ካሶኒ ላይ እያለ መኪናው አይንቀሳቀስም። "ሂድ!" የሚለው ቃል ከማን እንደመጣ ሳይታወቅ ሹፌር ይነዳል፣ ላዩ ላይ ያለው ሰው ይወረወራል። የምንሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ማራገፍ ሲጀመር ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ቁልፉን ለሚያራግፈው ሰው ይሰጣል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ከሆነ መኪናው አይሄድም። ተዳፋት ከሆነ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ማራገፊያ መድረክ ጋ ስትሆኑም ይኸው ነው። በመኪናውና በመድረኩ መሃል ያለች ክፍተት ጋሪ በተመላለሰ ቁጥር ትሰፋለች፣ በመጨረሻ እግር ትበላለች።

የኋላው ሊፍት

ሊፍት ያለው መኪና የደረሰው ሰው እድለኛ ነው፤ ግን ሊፍቱ ራሱ ጠርዝ ነው። ብዙው ውድቀት የሚመጣው ሊፍቱ ላይ ባለ ጎማ የሽቦ ጋሪ እየጎተቱ ወደ ኋላ ሲወጡ ነው። የሊፍቱ መቆሚያ ሳህን ጠባብ ነው፤ ሦስት እርምጃ ብትሄዱ አራተኛው አየር ነው። ስለዚህ ጋሪውን ከጎኑ ሆናችሁ ምሩት። ጫፉ ላይ ያለችውን ማቆሚያ ክዳን ቀና አድርጉ፣ የጋሪውን ፍሬን ርገጡ፣ ከዚያ ነው መውረጃውን የምትጫኑት። እቃው ሳህኑን ሞልቶ ለእናንተ መቆሚያ ካልቀረ አብራችሁ አትሳፈሩ፤ ከመሬት ሆናችሁ አውርዱት። መኪናው ተዳፋት ላይ ከቆመ ሳህኑም ያዘነብላል፣ ጋሪውም ወዳዘነበለበት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ለሁሉም የምለው አንድ ነገር አለ፤ ሲሄድ ልቀቁት። ጋሪው መንሸራተት ከጀመረ፣ ፍሪጁ ማዘንበል ከጀመረ፣ ገለል በሉ። ይሄ ከማንኛውም ነገር በላይ ከባድ ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም እጅ ሳይታዘዝ ይዘረጋል። እቃ ከተሰበረ ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ደግሞ የበለጠ ይዘረጋል። አሠሪ ከሆናችሁ ይሄን ዐረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቡት። ሠራተኛችሁን የሰበረውን እቃ የምታስከፍሉት ከሆነ፣ 100 ኪሎ የሚመዝን ነገር በእጁ እንዲያቆም እየነገራችሁት ነው።

የሰው ቤት ደረጃ

መኪናውን በሰላም ወርደን ደረጃ ላይ የምንወድቅም አለን። እዚህ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ነው፤ እግራችንን ይጋርደናል። እቃው ከደረት በላይ ከሆነ ለብቻችሁ ደረጃ አትውረዱበት፤ ለሁለት ያዙት ወይም ከፍላችሁ ተመላለሱ። መደገፊያውን የሚይዝ አንድ እጅ ነጻ ይሁን።

የማያውቁት ደረጃ ከሆነ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ውጡት። መብራት ይሠራል? ሳንቃው ይነቃነቃል? ምንጣፉ ተላጧል? ስትመለሱ ደረጃዎቹን ቁጠሩ። አሥራ ሁለት ከሆኑ አሥራ ሁለት ናቸው። "አልቋል" ብሎ ሜዳ የረገጠ መስሎት አንድ ደረጃ የቀረው ሰው ነው ቁርጭምጭሚቱን የሚያዞረው። ለተቀባዩ ስትደውሉ "መጣሁ" ብቻ አትበሉ። "የደረጃውን መብራት ያብሩልኝ፣ ውሻ ካለ ይታሰር" በሉ።

የእጅ ጋሪ ተዳፋት ላይ ስትገፉ ደግሞ ጋሪው ሁልጊዜ ከእናንተ በታች ይሁን። ስትወርዱ ከፊታችሁ፣ ስትወጡ ከኋላችሁ እየሳባችሁ። ቢያመልጥ ለብቻው ይሄዳል፣ እናንተን አይጠርግም።

ጫማን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሶሉን ገልብጣችሁ እዩ። የተረከዙና የመሃሉ ጥርስ ካለቀ ሥራ አይወጣበትም። ጥርሱ ውስጥ ጭቃ ከተጠቀጠቀም ያው እንዳለቀ ነው፣ ጫሩት። ሸበጥ አድርጎ ካሶኒ ላይ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ፤ ምን እንደምለው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሄልሜት ከተሰጣችሁ ደግሞ የአገጩን ማሰሪያ እሰሩ። ያልታሰረ ሄልሜት ከእናንተ ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

ከወደቃችሁ በኋላ

መጀመሪያ አትነሱ። ሰው ሲወድቅ ያፍራል፣ ቶሎ ብሎ ይነሳል፣ ልብሱን ያራግፋል፣ "ምንም አልሆንኩም" ይላል። እኔም ለመነሳት ሞክሬያለሁ። ተኝታችሁ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ፣ የእጅም የእግርም። አንገት ወይም ጀርባ ላይ ሕመም ካለ፣ እግር ወይም እጅ ከደነዘዘ ባላችሁበት ቆዩ። ባልደረባም ከሆናችሁ ጎትታችሁ አታንሱት። አደገኛ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር አምቡላንስ እስኪመጣ ጭንቅላቱን ሳታንቀሳቅሱ አጠገቡ ሁኑ።

አራት ነገሮች ደግሞ በቀላሉ ስለሚታለፉ ልዘርዝራቸው።

በእግሩ ቆሞ አርፎ ተረከዙ የተሰበረ ሰው ጀርባውም መታየት አለበት። ጫናው ከተረከዝ ወደ ላይ ወጥቶ የወገብ አከርካሪን ሊሰብር ይችላል። የእኔን እግር ያየው የመጀመሪያው ባለሙያ ወገቤን አልጠየቀኝም፤ እኔም የእግሬ ሕመም ስለበለጠብኝ አልተናገርኩም። በአራተኛው ቀን ነው ጎንበስ ማለት ሲያቅተኝ ሌላ ቦታ ሄጄ ራጅ የተነሳሁት። ደግነቱ ስብራት አልነበረም። እናንተ ግን ሳትጠየቁም ተናገሩ።

እጁን ዘርግቶ የወደቀ ሰው አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ ይያዝ። አውራ ጣቱ ሥር፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል፣ ትንሽ ጉድጓድ ትታያለች። እሷን ስትጫኑ የሚያም ከሆነ እዚያ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል። ይቺ አጥንት ጣጣ አላት፤ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። "ወለምታ ነው" ተብላችሁ ብትመለሱ እንኳን ሕመሙ እዚያው ካለ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ ድጋሚ ተነሱ። ችላ ከተባለች ሳትጋጠም ትቀራለች።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ብቻውን አይደር። ደህና ሲያወራ ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ የሚደክም አለ፤ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና ለማንቃት ካስቸገረ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ምልክት አትጠብቁ፣ ወዲያውኑ ይታይ። ሹፌር ከሆነም ያን ቀን መሪ አይያዝ።

ቁርጭምጭሚት የዞረበት ሰው ደግሞ አራት እርምጃ እንኳን መራመድ ካልቻለ ራጅ ያስፈልገዋል። ማሸት የለም። የተሰበረ ነገር ሲታሽ ይባስ ይፈናቀላል።

ቀጥሎ ወረቀት። እኔ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን ተሸክመው ወሰዱኝ፣ ማንም ምንም አልጻፈም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የካሳ ነገር ሲነሳ "የት እንደወደቅህ በምን እናውቃለን?" ተባልኩ። ተቀባዩ ስልክ ቀይሯል። አብሮኝ የነበረው ረዳት ሌላ ሥራ ገብቷል። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ እናንተ ካልቻላችሁ ባልደረባችሁ፣ ቦታውን ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ ያንሳ። መኪናው የቆመበትን፣ የወደቃችሁበትን፣ ጫማችሁን። ሰዓቱን፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበር፣ ማን እንዳየ ጻፉ። የሕክምና ካርዱ ላይ "ሥራ ላይ ከጭነት መኪና ወድቆ" ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። "ወድቆ" ብቻ ከሆነ ቤታችሁ መታጠቢያ ክፍል ውስጥም ሊሆን ይችላል። ለአለቃ በቃል መንገር ጥሩ ነው፤ በመልእክት ከላካችሁት ግን ቀንና ሰዓቱ ይቀራል።

ለጥቂት የተረፋችሁበትንም ጊዜ ጻፉ። አዳልጧችሁ ሳትወድቁ የቀራችሁበት መወጣጫ ነገ ሌላውን ይጥላል። እኛ ጋ አንድ ደብተር አለ፤ ማንም አይወቀስበትም። በስድስት ወር ውስጥ አንዲት መኪና አራት ጊዜ ተጻፈች። ስናያት የመወጣጫዋ ብረት ጥርሱ ተልጦ መስታወት ሆኗል።

አደገኛ ነገር አልሠራም ማለትም ይቻላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቁጥር 155 ስምምነት፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት እንዳይጎዳ ጥበቃ ይገባዋል ይላል። ይሄን ለአለቃ ስታነሱ በጩኸት አይሁን። "መወጣጫው ተበላሽቷል፣ እስኪሠራ ከመሬት ሆኜ ላውርድ፣ ሰው ጨምሩልኝ" በሉ። እንቢታ ብቻ ሳይሆን አማራጭ ይዞ የሄደ ሰው ይሰማል፣ ባይሰማም በጽሑፍ ይቀራል።

እና እስክሪብቶ። መኪና ላይ የሚቀር አይደለም፣ ደረት ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው። የእኔ ኪስ ውስጥ ሁለት አሉ።